በወረቀት ላይ ሥራ ያላት ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ አንገትጌ ስትሰፋ የኖረች። ሌላ አይደለም፤ አንገትጌ ብቻ። እጅጌውን ሌላ ሰው ይሰፋዋል፣ ኪሱን ሌላ ሰው ይሰፋዋል፣ አንገትጌው የእሷ ነው። በዚያ አንገትጌ ሁለት ልጆች አስተምራለች፤ ዓይኗ የደከመ እናቷን ጦራለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ግቢ ውስጥ እንዲሰበሰብ ተነገረ። ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ማጉያ ይዞ ወጣ። ከውጭ ይመጣ የነበረው ትእዛዝ ተቋርጧል አለ። ፋብሪካው ይዘጋል አለ። ስለ አገልግሎታችሁ እናመሰግናለን አለ። በቃ። ስምንት ዓመት በሦስት ዐረፍተ ነገር አለቀ።

ይህች ሴት የሺመቤት ትባላለች። ከዚሁ ከከተማችን ናት። ታዲያ ምን ያደረገች ይመስላችኋል? ቤቷን ዘግታ አለቀሰች? የለም። በማግስቱ ተነሥታ ወደ ሥራ ዕድል ፈጠራ ጽሕፈት ቤት ሄደች። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ምትኩ ጎረቤቷ ናቸው፤ ዕድራቸውም አንድ ነው።

«አይዞሽ የሺዬ» አሏት። «ከፋብሪካው የወጣችሁ ስድስት ሴቶች ተደራጁ። የስፌት ማሽን ይሰጣችኋል፤ መሥሪያ ቦታም አለ።»

ተደራጁ። መሥሪያ ቦታው አዲስ የቆርቆሮ ሼድ ነው። በምረቃው ቀን ስድስት ማሽኖች ከነላስቲካቸው ተደረደሩ፤ ስድስቱ ሴቶች ከኋላቸው ተቀመጡ። እንግዶች መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ካሜራው ብልጭ ብልጭ አለ። የመክፈቻውን ጸሎት ያደረስኩት እኔ ነበርኩ። አዎ፣ እኔ። ሼዱ ውስጥ የመብራት መስመር እንደሌለ አላየሁም። ማየትም አልፈለግሁም።

የሺመቤት ግን አየች። ከማሽኗ የወረደውን ገመድ በዓይኗ ተከተለችው፤ ጫፉ ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ጋሽ ምትኩ፣ ይሄ የት ነው የሚሰካው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች።

«መብራት ይገባል። አሁን ፈገግ በይ።»

ፈገግ አለች። ፎቶ ተነሣች። «ሥራ ጀምሬአለሁ» በሚል ወረቀት ላይም ፈረመች። እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተው እንደሄዱ አንድ አይሱዙ መጣ። ጫኞች ዘለው ወረዱና ማሽኖቹን አንድ በአንድ ጫኑ። «ለጊዜው ነው፤ በሌላ ቀበሌም ምረቃ አለ» ተባሉ። አይሱዙው አቧራውን እያቦነነ ሄደ። አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ የሺመቤት በሰው ቤት ልብስ አጠበች። የሚታጠብ ልብስ ሲጠፋ ሕንፃ ከሚሠራበት ሄዳ አሸዋ ተሸከመች። ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት ስትልክ «ምሳ እንዳትረሱ» ማለት አቆመች፤ የሚረሳ ምሳ አልነበረምና።

ታዲያ አንድ ቀን ዘቢደር የምትባል ባልደረባዋ፣ ከስድስቱ አንዷ፣ እየሮጠች መጣች። ከፋብሪካ ለተቀነሱ ሰዎች የስድስት ወር ሥልጠና ተከፍቷል፤ ሲሠለጥኑ ይደጎማሉ፣ ሲጨርሱ ከቀጣሪ ጋር ይገናኛሉ አለቻት። የሺመቤት ገና የምዝገባ ቢሮው ሳይከፈት ሰልፍ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ መዝጋቢዋ ልጅ ስሟን ኮምፒውተር ላይ ፈለገችው።

«እህቴ፣ አንቺ አትመዘገቢም።»

«ለምን?»

«ሥራ አለሽ።»

«ምን አለኝ?»

«ሥራ። ቋሚ ሥራ ይዛለች ይላል።»

የሺመቤት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። «ሥራ ካለኝ አድራሻውን ንገሪኝ። ነገ በጠዋት እገባለሁ።»

ሰልፈኛው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በቀጥታ ጋሽ ምትኩ ቢሮ ገባች።

ጋሽ ምትኩ ዓይኗን ማየት አልቻሉም። «ተረጂኝ የሺዬ» አሉ። «ቁጥር ከላይ ይመጣል። ካላሟላሁ ከዚህ ወንበር እነሣለሁ። እኔም ልጆች አሉኝ።»

«እርስዎ ሥራዎን እንዳያጡ እኔ ሥራ አጥ መባል እንኳ ልከልከል?»

ጋሽ ምትኩ ፋይላቸውን ማገላበጥ ጀመሩ።

በዚያው ሳምንት በከተማው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሪፖርት ተነበበ። በዓመቱ ከአራት ሺህ በላይ ነዋሪዎች ቋሚ ሥራ አግኝተዋል ተባለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከጭብጨባው መሐል የሺመቤት ተነሣች።

«ከአራት ሺሁ አንዷ እኔ ነኝ» አለች። «ዛሬ የሁለት ቤት ልብስ አጥቤ ነው የመጣሁት። ቋሚ ሥራዬን ያየ ሰው ካለ የት እንዳለ ያሳየኝ። ከእኔ ጋር የፈረማችሁ አምስታችሁም እዚህ ናችሁ። እስኪ ተነሡ!»

ማንም አልተነሣም። ዘቢደር አቀርቅራ ጫማዋን ታያለች። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት የየሺመቤትን ነጠላ ጎተተች፦ «ተቀመጪ፤ በእንግዳ ፊት አታዋርጂን!» መድረኩን የሚመራው ሰው «ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ» አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

በማግስቱ ጋሽ ምትኩ ቤቷ መጡ። «የአንቺን እናስተካክለዋለን» አሏት። «አንድ ስም ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ብቻ ከእንግዲህ ዝም በይ።»

«የአምስቱስ?»

«እነሱማ አልጠየቁም።»

እናቷ ከመደቡ ላይ ሆነው ሰምተዋል። «እሺ በይ ልጄ» አሏት፤ «ለልጆችሽ ስትይ።»

«እሺ» የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ቅድስት ናት አልላችሁም፤ የተራበች እናት ናት። በዚያ ላይ አምስቱ ሴቶች በአዳራሹ ውስጥ ብቻዋን ጥለዋታል። ለእነሱ ብላ ለምን ትራብ? ግን ያ ቃል አልወጣ አላት።

«አይሆንም ጋሽ ምትኩ» አለች። «አብረን ነው የዋሸነው፤ አብረን ከውሸቱ እንጥራ።»

እሳቸው እንደወጡ ተነሥታ አምስቱንም ቤት ዞረች። ዘቢደርን ስታገኛት ንዴቷ ገነፈለ። «ለምን ተቀመጥሽ? ለምን?»

«ፈራሁ» አለች ዘቢደር። «የቀበሌ ቤት ነው የምኖረው። ቢያስወጡኝ የት እወድቃለሁ?»

«ነገስ? በጋሽ ምትኩ ቢሮ በር ላይ አብረን ብንቀመጥ ትመጫለሽ?»

ዘቢደር የቤቷን ግድግዳ ዞር ብላ አየች። «ነገ እመጣለሁ» አለች በመጨረሻ።

በማግስቱ ስድስቱም መጡ። ቢሮው ሲከፈት በሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተደርድረው ተቀመጡ። አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። ያለፈ ያገደመው «ምን ትሠራላችሁ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ሥራ ገብተን ነው፤ ሥራችሁ እዚህ ነው ተብለናል» ይላሉ። አንዱ ቆሞ ሰማ፤ «የእኔም ስም እዚያ ዝርዝር ላይ አለ!» ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሌላው መጣ። ሌላዋ መጣች። ከሰዓት በኋላ ግቢው ሞላ።

ቢሮው ሊዘጋ ሲል ጋሽ ምትኩ የስድስቱን ፋይል ይዘው ወጡ። በሁሉም ፊት «ቋሚ ሥራ ያገኘች» የሚለውን ሰረዙ፤ «ሥራ ፈላጊ» ብለው ጻፉ፤ ማኅተም አደረጉበት።

ስድስቱ ሴቶች እልል አሉ።

ሰማችሁኝ? እልል አሉ! ሥራ አገኛችሁ ተብለው አይደለም። ሥራ የላችሁም ተብለው ነው። በእናታችሁ፣ ሰው ሥራ አጥ ተባልኩ ብሎ እልል እስኪል ድረስ ምን ብናደርገው ነው? ምን ብንነጥቀው ነው?

መጨረሻው ያማረ ነው እንዳትሉ። በሥልጠናው የቀረው የሁለት ሰው ቦታ ብቻ ነበር። ስድስቱ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ለየሺመቤት አልወጣላትም። ዛሬም ልብስ ታጥባለች። ጋሽ ምትኩ በወሩ ከወንበራቸው ተነሡ። ቁጥር አምጣ ያላቸው ሰው ግን ዛሬም በቦታው አለ፤ ከሌላ ሰው ቁጥር ይጠይቃል።

ወገኖቼ፣ እኔ ተቆጥቻለሁ። በየሺመቤት ላይ በሐሰት ተመስክሮባታል፤ የመሰከረው ደግሞ አንድ ኃላፊ ብቻ አይደለም። በዚያ አዳራሽ ማን አጨበጨበ? እናንተ አይደላችሁም? ነጠላዋን የጎተተችው ሴት ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጣለች። ስሟን አልጠራም፤ ራሷ ታውቀዋለች። እኔም ለባዶ ሼድ ጸልያለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ሥራማ ሞልቷል፤ ሰው ሰንፎ ነው» ትላላችሁ። ሥራው የሞላው የት ነው? ወረቀቱ ላይ ነው! ሰነፍ የምትሉት ሰው ደጃችሁ ላይ አሸዋ ተሸክሞ ሲያልፍ ቀና ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ?

ነገ ሰኞ ነው። ቢሮ የምትገቡ አላችሁ፤ ጠረጴዛችሁ ላይ የሚሞላ ቅጽ ይጠብቃችኋል። ያላያችሁትን ሥራ እንዳያችሁ፣ ያልበላውን ሰው እንደበላ አድርጋችሁ አትጻፉ። ያስፈራል? አዎ፣ ያስፈራል፤ ዘቢደርም ፈርታ ነበር። ቢሮ የሌላችሁ ደግሞ ወደ ስብሰባ ትጠራላችሁ፤ ቁጥር ይነበብላችኋል። እጃችሁን ለጭብጨባ ከማገናኘታችሁ በፊት ግራና ቀኛችሁን እዩ። የማያጨበጭብ ሰው ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁት። ሊናገር ሲነሣ አብራችሁት ቁሙ።

አሁን አሜን አትበሉኝ። አሜን ማለት ቀላል ነው። መጀመሪያ ቁሙ።