የደምሰው ዝይ እንዴት እንደበረረች

ይህን ታሪክ ከሰማሁ ቆይቻለሁ፤ አንዳንዱን ነገር ብስት አንባቢ ይቅር ይበለኝ። በቅሎዋ ዳማ ትሁን ቦራ በደንብ አላስታውስም። ማጭዱ የይመር ይሁን የታላቅ ወንድሙ፣ ብትጠይቁኝ አልምልም። የነገሩን ሰንሰለት ግን አጥብቄ ይዣለሁ፤ አንዷ ቀለበት ከወለቀች ሁሉም ስለሚበተን፣ ከመጻፌ በፊት ደጋግሜ በቃሌ ብዬዋለሁ።

ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የወሎ ከተማ የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ ሰናይት ደሴ ሆና ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ክርስትናው ደርሷል፤ አያት በነገው የማለዳ አውቶቡስ መሄድ አለባት። በዚያ ቤት ደግሞ አንድ ወግ አለ። ለመጀመሪያው የልጅ ልጅ ከዘመድ ከወዳጅ ሁሉ አሮጌ ልብስ እየተለቀመ ብርድ ልብስ ይሰፋለታል። በብርድ ልብሱ ላይ ዝዮች ተሰልፈው ይበራሉ። እያንዳንዷ ዝይ ከአንድ ሰው ልብስ ትቆረጣለች፤ ከአክስት ቀሚስ አንዲት፣ ከአጎት ሱሪ አንዲት። ከፊት ሆና የምትመራዋ የአባወራው ዝይ ናት። እሷን የሚቆርጣት የገዛ ሚስቱ እጅ፣ የገዛ ሚስቱ መቀስ ብቻ ነው።

አባወራው ደምሰው ታንኳ ቀዛፊ ነበር፤ አምና አረፈ። ሕፃኑ አያቱን በዓይኑ አያየውም። ካየውም የሚያየው በዚያች ዝይ ነው።

የዝይ አሰፋፍ ሲያዩት ቀላል ነው። ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ የሆነ ቁራጭ ይዘጋጃል። በአንዱ ጫፉ ላይ አራት ማዕዘን ነጭ አቡጀዲ ይደረብና ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ይሰፋል፤ ትርፉ ጥግ ይቆረጥና አቡጀዲው ይገለበጣል። በሌላው ጫፍም እንዲሁ። ያን ጊዜ መሀል ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ዝይ ትወጣለች፤ ግራና ቀኟ ነጭ ሰማይ ይሆናል። ጭንቁ ያለው ከሹሉ ፊት በሚተወው ትርፍ ላይ ነው። የጥፍር ያህል ትርፍ ካልተተወ፣ ዝይዋ ከሌላው ቁራጭ ጋር ስትገጠም ስፌቱ ምንቃሯን ይውጠዋል።

የሻረግ ይህን አሳምራ ታውቃለች። የዘመዶቹን ዝይ ሁሉ ትርፍ እየተወች ቆረጠች። የደምሰው ካኪ ኮት ላይ ስትደርስ ግን ስስት ያዛት። ከእሱ ጨርቅ ክር እንኳ አይባክንብኝ ብላ ልክ በልክ ቆረጠች። ገጣጥማ ብታይ ዝይዋ ምንቃር የላትም! የቀረው ኮት ደግሞ በፀሐይ ነጥቶ ሲነኩት ይበጣጠሳል። ደህና ሆኖ የተገኘው ከደረት ኪሱ ሥር ያለው ጨርቅ ብቻ ነው፤ ፀሐይ ስላላየው ቀለሙ እንደ አዲስ ነው። አንዲት ዝይ ያወጣል። ሁለተኛ ስህተት አይችልም።

መቀሱን አነሣች። መቀሱም ዝይ ሲቆርጥ ሰንብቶ ዶልዱሟል። በአቡጀዲ ብትሞክረው አኘከው እንጂ አልቆረጠውም።

«አንተ የማትረባ!» አለችው፤ ምንቃር የሌላትን ዝይ ፈትታ ጉያዋ ውስጥ ሸሽጋ፣ መቀሱን ይዛ፣ ቢላ የሚስሉት ጋሽ ሸዋፈራ ዘንድ ገሰገሰች።

«ጋሽ ሸዋፈራ፣ እንደምን ዋሉ? መቀስ ጨርቅ አልቆርጥ አለኝ። የደምሰው ዝይ በምን ትብረር?»

«ለዝይማ የሚሳለው ቢላ ነው» አሉ ጋሽ ሸዋፈራ። «ለዚያውም በጾም!»

«ይተዉ እንጂ፣ የጨርቅ ዝይ ናት። ነገ ማለዳ ተሳፋሪ ነኝ።»

ጋሽ ሸዋፈራ መቀሱን ተቀብለው መርገጫውን ረገጡ። ድንጋዩን የሚያዞረው የቆዳ ቺንጋ ሲጥ ሲጥ አለና ተንሸራተተ። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም።

«ይኸው ነው» አሉ። «ቺንጋው ደርቋል። ከጠዋት ጀምሮ እግሬ ይዞራል፣ ድንጋዩ ቆሟል።»

«ቅቤ ላምጣልዎት?»

«ቅቤ? ኧረ በሕግ! ባለፈው ቅቤ ቀብቼው ባድር ድመት ቺንጋዬን እስከ ጫፉ በላችው። አሁንም ጎረቤቴ ናት፤ ባየችኝ ቁጥር ከንፈሯን ትልሳለች። የኑግ ዘይት አምጪልኝ።»

የሻረግ በየሱቁ ዞረች። ጾሙ ከገባ ወዲህ ዘይት ከሱቅ ጠፍቷል። ስለዚህ ኑግ ጨማቂዋ ወዳጇ ዘሃራ ዘንድ ሄደች።

«ዘሃራ፣ እባክሽ ትንሽ ዘይት! ቺንጋ ድንጋይ አላዞር አለ፤ ድንጋይ መቀስ አልስል አለ፤ መቀስ ጨርቅ አልቆርጥ አለ፤ የደምሰው ዝይ በምን ትብረር?»

ዘሃራ ሳቀች። «የሻዬ፣ እውነት ድሪቶ ይዘሽ ነው ክርስትና የምትሄጂው? የደሴ ሰው ምን ይላል?»

«ድሪቶሽን ለራስሽ! ካንቺ ነጠላ ጥለትም አንዲት ዝይ አለችበት። ልፍታት?»

«ኧረ አትፍቺ፣ ተይ!» አለች ዘሃራ ደንግጣ። «እኔም እበራለሁ እንዴ? ከማን ኋላ?»

«ከአክስቴ ኋላ።»

«ከእሷ ፊት ብታደርጊኝ ምን ነበረበት? ለማንኛውም ነይ ጉዴን እይ።» ወደ መጭመቂያው ወሰደቻት። ኑጉ ተወቅጦ ገብቷል። ከባዱ ግንድ ተጠምዷል። የምታዞረው በቅሎ ግን ጆሮዋን አጋድማ ቆማለች፤ ዓይኗ ከግድግዳው ላይ አልነቀል ብሏል። «እስከ ትናንት ለምለም ሣር ስትበላ ከርማ ዛሬ ጭድ ባቀርብላት ኮራችብኝ። አሽትታው ፊቷን አዞረች። ብለምናት እንቢ፣ ብቆጣት እንቢ። እርጥብ ሣር አምጪላት፤ ዘይቱ ያንቺ ነው።»

የሻረግ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች። እዚያ የሣር ማሳ ያለው ይመር የሚባል ጎበዝ ነው፤ ቁመቱ በር ጎንበስ ብሎ የሚያስገባ፣ ትከሻው ሁለት ሰው የሚያህል። ማጭዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ይመር፣ የእኔ ልጅ፣ አንድ ሸክም ሣር! በቅሎ መጭመቂያ አላዞር አለች፤ መጭመቂያ ዘይት አላወርድ አለ፤ ዘይት ቢጠፋ ቺንጋ ድንጋይ አላዞር አለ፤ ድንጋይ መቀስ አልስል አለ፤ መቀስ ጨርቅ አልቆርጥ አለ፤ የደምሰው ዝይ በምን ትብረር?»

«ዝይ አትበይኝ፣ እትዬ!» አለ ይመር ብድግ ብሎ። «ዛሬ ይህን ስም አታንሺብኝ። ያውና ተመልከቺ።»

ብታይ ማሳው ላይ ዝዮች ሞልተዋል። ሣሩን እንደ ምንጣፍ ተኝተውበታል። ይመር ማጭዱን ይዞ አንድ እርምጃ ቢራመድ ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ጮኹበት። ይመርም ተመልሶ ከየሻረግ ጀርባ ቆመ።

«አንተን የሚያህል ሰው ዝይ ፈርተህ?» አለችው።

«አንቺ አልተነከስሽም! ያቺ ትልቋ ጭኔን ይዛ አልለቅ ብላኝ እስከ ዋርካው ድረስ ጎትቻታለሁ። ጅብ ቢመጣ እቆማለሁ። ለዝይ ግን አባቴም አልቆመ።»

«እሺ፣ እኔ ልለምናቸው» አለች የሻረግ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ማለዳ አውቶቡሱ ማንንም አይጠብቅም። ብርድ ልብሱን ያለ መሪዋ ዝይ ይዛ ብትሄድ ሰናይት አንድ ነገር ብቻ እንደምትጠይቃት ታውቃለች፤ «እናቴ፣ አባባ የታል?» ትላታለች።

ቀስ ብላ ቀርባ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«እናንተ የሐይቁ ልጆች፣ በማርያም ተነሡልኝ! ዝይ ከሣር አልነሣ አለች፤ ሣር አልታጨድ አለ፤ በቅሎ መጭመቂያ አላዞር አለች፤ መጭመቂያ ዘይት አላወርድ አለ፤ ዘይት ቢጠፋ ቺንጋ ድንጋይ አላዞር አለ፤ ድንጋይ መቀስ አልስል አለ፤ መቀስ ጨርቅ አልቆርጥ አለ፤ የደምሰው ዝይ በምን ትብረር?»

ዝይ ይናገራል ብዬ ለመማል አልደፍርም። የሻረግ ግን ትልቋ ዝይ እንዲህ አለችኝ ትላለች፤ እሷ ደግሞ ዋዛ የምታወራ ሴት አልነበረችም።

«ጉያሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለች ዝይዋ።

የሻረግ አፍራ ቀና ማለት አቃታት። ምንቃር የሌላትን ዝይ አውጥታ ሣሩ ላይ አኖረቻት። ዝዮቹ ተሰብስበው አዩዋት።

«ይህቺ መሪ ናት?» አለች ትልቋ ዝይ።

«መሪ ትሆናለች ብዬ ነበር።»

«እንግዲያ የኋለኞቹን በምን ትጥራቸው? ጭጋግ ሲመጣ በምን ድምፅ ይከተሏት? አፏን ስፌት ውጦታል። ማነው እንዲህ ያደረጋት?»

«እኔ ነኝ። ሳስቼ ነው። ከእሱ ጨርቅ ምንም እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።»

«አንቺ ሁሉን ስለያዝሽ እሷ አፍ አጣች» አለች ዝይዋ። «በይ ማዪልን፤ ለሁለተኛዋ ትርፍ ትተዪላታለሽ?»

«ምንቃሯ እስኪወጣ እተውላታለሁ። ደምሰው ይሙት!»

«ደምሰው ሞቷል» አለ ይመር ከሩቅ።

«ዝም በል አንተ፣ መሐላ ነው!» አለችው የሻረግ፤ ዝዮቹም እሱን አይተው ቋ ቋ አሉ፤ ሳቁበት ይመስላል።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች ዝይዋ። «ይህቺን እንዳትጥያት። መብረር ባትችል ማረፊያ ስጫት።»

«በብርድ ልብሱ ጀርባ ላይ ብቻዋን እሰፋታለሁ። ሰማዩ ሁሉ የእሷ ይሆናል።»

ያን ጊዜ ትልቋ ዝይ ክንፏን መታች፤ ሌሎቹም ከኋላዋ ተነሡ። ሐይቁን ተሻግረው በሰልፍ ሄዱ። የሻረግ ዓይኗን በመዳፏ ከልላ ተመለከተቻቸው። የፊተኛዋ ምንቃሯ ወደ ፊት ተሰብቆ ነበር፤ ከፊቱም ባዶ ሰማይ ነበር። ትርፍ ማለት ያ እንደሆነ ገባት።

ከዚያማ ነገሩ እንደ ተፈታ ነዶ ሆነ። ዝይ ተነሣች፣ ይመር ሣሩን አጨደ፤ ሣር ታጨደ፣ በቅሎዋ ጠግባ በላች፤ በቅሎ በላች፣ መጭመቂያው ዞረ፤ መጭመቂያ ዞረ፣ ዘይቱ ወረደ፤ ዘይት ወረደ፣ ቺንጋው ለሰለሰ፤ ቺንጋ ለሰለሰ፣ ድንጋዩ ዞረ፤ ድንጋይ ዞረ፣ መቀሱ ተሳለ። ድመቷ ብቻ መጥታ ቺንጋውን አሽትታ፣ ኑግ ሲሸታት ጋሽ ሸዋፈራን ገላምጣ ሄደች።

የሻረግ ቤቷ ገባች። ከኪሱ ሥር ያለውን ጨርቅ ዘረጋች። በጠመኔ አሰመረች፤ ከሹሉ ፊት የጥፍር ያህል ትርፍ ተወች፤ ለካች፤ ደግማ ለካች። ትንፋሿን ውጣ መቀሱን ጨመቀች። መቀሱ ቀጥ ብሎ ሄደ። አቡጀዲውን ደረበች፣ በሰያፍ ሰፋች፣ ጥጉን ጣለች፣ ገልብጣ በካውያ ተኮሰች። ከሌሎቹ ፊት ገጠመቻት። ምንቃሯ ስፌቱ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ፤ አልተዋጠም። ምንቃር የሌላትንም እንደ ቃሏ በጀርባው ላይ ብቻዋን ሰፋቻት።

«ይኸውልህ፣ ደምሰው» አለች። «አሁን ቅዘፍ።»

በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ሕፃኑም በክርስትናው ዕለት ተጠቀለለበት። ዘሃራም አብራ ሄዳ ነበር ይባላል፤ የነጠላዋን ዝይ ለእንግዳው ሁሉ በጣቷ ስታሳይ ዋለች። ድሪቶ ያለ አልነበረም።

የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት በከተራ ዕለት ነው፤ ታቦታቱ ሲወርዱ ይመርን መንገድ ላይ አገኘሁት። የሻረግ እስካሁን ደሴ ናት አለኝ። ብርድ ልብሱን ዝዮቹ በተሰለፉበት በኩል ሲያለብሱት ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ሲገለብጡለት ዝም ይላል። ያቺን ብቸኛ ዝይ በጁ ጨብጦ፣ ምንቃሯ በጎደለበት በኩል አፉን አኑሮ ይተኛል አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም።