የጭራሮ ባለቤት

አንድ ጊዜ አራዊቱ ሁሉ በየስልካቸው ጨዋታ ላይ የኳስ ቡድን ማሰልጠን ጀምረው፣ ዱሩ በጎል ጩኸት ይናጥ ነበር። ኔትወርክ የሚገኘው ከወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር ብቻ ስለሆነ፣ በዪውም ተበዪውም እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ንጉሡ አንበሳ «አሰልጣኝ የበላ ከውድድሩ ይባረራል!» ብሎ ስላወጀ ማንም ማንንም አይደፍርም። ጅብ እንኳ ምራቁን እየዋጠ ከፍየል አጠገብ ይቀመጥ ነበር።

ውድድሩን በነጥብ የሚመራው «መብረቁ» የሚባል አሰልጣኝ ነው። ስሙ እንጂ ፊቱ አይታወቅም። አራዊቱ ግን «ከነብር በቀር ማን ሊሆን ይችላል?» ብለው ከወሰኑ ቆይተዋል። ነብርም ሲጠየቅ ጢሙን ያሻሻል።

መብረቁ ግን አህዪት ነበረች።

አህዪት የተማረች፣ ለአራዊቱ ግልገሎች ፊደል የምታስቆጥር፣ ነገር ግን ማንም ቀና ብሎ ካያት ጆሮዋን የምትጥል ዓይን አፋር ናት። ሦስት ክረምት ሙሉ ከዋርካው ጀርባ ቆማ፣ ስልኳን በጆንያ ሸፍና ቡድኗን ስትመራ ማንም አልነቃባትም። ጎል ሲገባላት እንኳ ደስታዋ የሚታወቀው በጅራቷ ብቻ ነው። «ምነው?» የሚላት ካለ «ዝንቡ በዛ» ትላለች። ምስጢሩን የምታውቀው ጓደኛዋ ቀበሮ ብቻ ነበረች።

ከተጫዋቾቿ ሁሉ ነፍሷ የምትወደው ጭራሮ የሚባለውን የክንፍ ተጫዋች ነው። ጭራሮ እግሩ የሰለለ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ልጅ ሳለ ገዝታ፣ ኮትኩታ ለወግ ያበቃችው ነው። ዝናብ ሲዘንብ ስልኩን በጆንያ የምትጠቀልለው ስልኩ እንዳይበላሽ ሳይሆን ጭራሮ እንዳይበርደው ነበር።

በጨዋታው ሕግ እያንዳንዱ ተጫዋች ማስለቀቂያ ዋጋ አለው። ቅዳሜ ገበያው ሲከፈት ያንን ዋጋ የከፈለ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ተጫዋቹን ይወስዳል። ባለቤቱ ይህን ከፈራ ከራሱ ሳንቲም እያፈሰሰ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፤ አራዊቱ ይህን «አጥር ማጠር» ይሉታል። አህዪት ያላትን ሁሉ በጭራሮ ዙሪያ አጥራለች። እውነተኛው አጥሯ ግን ነብር ነበር። የነብርን ተጫዋች ማን ይነካል?

አንድ ዓርብ ጅብ ነብርን ሊያቆላምጥ ተጠጋ።

«ጌታዬ፣ ጭራሮን ወደ ግራ ክንፍ ያዛወሩት ለምን ይሆን?»

ነብር ተቆጣ። «ክንፍ? እኔ ዶሮ ነኝ እንዴ?»

ሐሳብ ጅብ ራስ ውስጥ እስኪገባ ይመሻል፤ የዚያን ቀን ግን እየሮጠ ገባ።

«መብረቁ ነብር አይደለም! እንግዲያው ጭራሮ ጌታ የለውም! ነገ ገበያው ሲከፈት እበላዋለሁ... እገዛዋለሁ ማለቴ ነው!»

አህዪት ከዋርካው ጀርባ ሆና ይህን ሰማች። ቀበሮ ሮጣ መጣች።

«እህቴ፣ አጥሩን ጨምሪ!»

«በምን ልጨምር? አንዲት ሳንቲም አልቀረችኝም።»

«እንግዲያው አትሚው።»

ይህ ደግሞ ሌላው ሕግ ነው። አሰልጣኙ የራሱን ፊትና ስም በአደባባይ ካስመዘገበ፣ አንድ ተጫዋች በነጻ ይታተምለታል፤ የታተመን ተጫዋች የዓለም ሳንቲም አያስለቅቀውም። ይህን ያላደረገ መብረቁ ብቻ ነበር።

«ይስቁብኛል!» አለች አህዪት።

«ይሳቁ!»

«አህያ ሊግ መራች ይሉኛል!»

«መራሽ እኮ!» አለች ቀበሮ። «ደግሞስ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔን እንዴት ይንቁኛል? አያውቁኝም።»

«የማይታወቅ ባለቤትማ ከተናቀው ይብሳል።»

አህዪት ጆሮዋን ጥላ «እስከ ነገ ላስብበት» አለች።

በነጋታው ገበያው ተከፈተ። ጅብ ሳንቲሙን ቢቆጥር፣ ቢቆጥር አልሞላለትም። ቀበሮ ከጎኑ ቁጢጥ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ጭራሮ ከመጣልህ ተከላካይ ምን ያደርግልሃል? ኳሱ እንደሆነ ሁልጊዜ ፊት ነው።»

«እውነትሽን ነው!» ብሎ ተከላካዮቹን ቸበቸበ።

«አማካዮቹስ? መሀል ሜዳ ቆሞ ማን ከበረ?»

እነሱንም ሸጠ። አጥቂዎቹንም አስከተለ።

«በረኛህማ ቁጭ ብሎ ነው የሚበላው።»

«የሚበላ ከሆነ ይውጣ! በዚህ ቤት የምበላው እኔ ነኝ!»

ጅብ የሸጠውን ሁሉ በርካሽ የምትለቅመው ራሷ ቀበሮ ነበረች። አህዪት ከጀርባ ሆና ይህን ስታይ ደነገጠች። «አንቺ! ወዳጄ ነሽ ወይስ የሱ?»

ቀበሮ ጠቀሰቻት። «ወዳጅሽ ነኝ፤ ግን ቀበሮም ነኝ። ይልቅ ፍጠኚ!»

«ሞላ!» ብሎ ጮኸ ጅብ። በደስታ መዳፉን ላሰ። የረጠበ መዳፍን ደግሞ ስልክ አይወድም፤ ቢጫነው አልሰማ አለው። መዳፉን ከደረቱ ፀጉር ላይ ይጠርግ ጀመር።

አህዪት በስልኳ መዝገቡን ከፈተች። ስልኩ «ፊትዎን ያሳዩ» አላት። አንድ ጆሮዋን አሳየች። «ፊትዎ አልታየም።» የአፍንጫዋን ጫፍ ጨመረች። «አሁንም አልታየም።» ከስልኩ ጥግ ጭራሮ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል፤ ሊነጠቅ መሆኑን አያውቅም። አህዪት አንጀቷ አልቻለም። ከዋርካው ጀርባ ወጥታ፣ ከአራዊቱ መካከል ቆማ፣ ፊቷን ቀና አደረገች።

«ስምዎን ጮክ ብለው ይናገሩ» አለ ስልኩ።

ለሦስት ክረምት የታፈነ ድምፅ እንዴት ይወጣል? ቁራዎቹ ከዋርካው ተነሥተው በረሩ፤ ፍየል ስልኳን ጣለች።

«አህዪት ነኝ! መብረቁ እኔ ነኝ! ጭራሮ የእኔ ነው!»

የጅብ መዳፍ ያረፈው ይህን ጊዜ ነው። ስልኩ «ይህ ተጫዋች ታትሟል፤ ባለቤቱ ታውቋል» አለው።

ጅብ ቀስ ብሎ ዞረ። «ሦስት ክረምት... ሦስት ክረምት ሙሉ ሲያሸንፈኝ የኖረው እራቴ ነው?»

ዋርካው በሳቅ ተናወጠ። አህዪት ልማዷ ነውና ጆሮዋን ጣለች፤ ቆይታ ግን ሳቁ በማን ላይ እንደሆነ ገባትና አንዱን ጆሮ መልሳ አቆመችው። ነብር «እኔ እንኳ ጠርጥሬ ነበር» አለ። ንጉሡ አንበሳ ደግሞ ጠጋ ብሎ፣ ሌላው እንዳይሰማ በለሆሳስ «እመት አህዪት፣ ያን የግራ ክንፍ ነገር እስቲ ያስረዱኝ» አላት።

ከሰዓት በኋላ የገጠሙት መብረቁና ጅብ ነበሩ። ገበያው ተዘግቷልና በጅብ በኩል ሳር ብቻ ይታያል። ጅብ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«እመት አህዪት፣ የሚያውሱኝ በረኛ አይኖርዎትም?»

«ያንተ በረኛ ደህና ነው፣ አያ ጅቦ። ቀበሮ ቤት ቁጭ ብሎ ይበላል።»

ጭራሮ በግራ በኩል ብቻውን ገሰገሰ፣ ባዶው መረብ ውስጥም ኳሷን አስቀመጣት። የአህዪት ጅራት ተወራጨ።

«ዝንብ ነው?» አለቻት ፍየል።

«ኧረ ጎል ነው!» ብላ አናፋች አህዪት።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚወዱትን ከነጣቂ የሚጠብቀው የአጥር ቁመትና የተውሶ ግርማ ሳይሆን፣ ፊቱን በአደባባይ አሳይቶ «የእኔ ነው» የሚል ባለቤት መሆኑን ነው።