በጎረቤት ልክ የተቆረጠ ዘንግ

አንድ ሰው ነበረ። የጎረቤቱ መኪና በደጁ ባለፈ ቁጥር ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ይቆም ነበር።

አትሳቂ፣ አስካለ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «አጎቴ፣ የእህቴን ባል እያየሁ በራሴ ባል አንጀቴ ያርራል። ጥሩ ነገር አይቶ ለራስ መመኘት ምን ጥፋት አለው?» ብለሽኛል። እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በቶርኖ ቤት ብረት ስቆርጥ ነው የኖርኩት። ስለዚህ የምመልስልሽ በማውቀው በብረት ነው።

ያ ያልኩሽ ሰው በቆላ አገር የነጋዴ እህል እያመላለሰ የሚኖር ባለመኪና ነበር። ጎረቤቱም ባለመኪና ነው፤ እሱ ግን የሚጭነው ሰው ብቻ ነው፣ ያውም ጥቂት ሰው። መንገዱ ድንጋይና ደረቅ ወንዝ ስለሆነ የሁለቱም መኪና ሆድ እየተፋቀ አስቸገረ። ስለዚህ ሁለቱም ባሌስትራውን፣ ጭነቱን የሚሸከመውን ተጣጣፊ ብረት፣ በወፍራም አስቀየሩና መኪኖቻቸውን ከፍ አስደረጉ።

መኪና ከፍ ሲል ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከማርሹ ቤት፣ ከካምቢዮው ተነስቶ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞር ረጅም ዘንግ አለ። ካምቢዮው ከመኪናው ጋር ወደ ላይ ሲወጣ ጎማው መሬት ላይ ይቀራል፤ በመካከል ያለው ዘንግ ያጥራል፣ ይንጋደዳልም። ያን ጊዜ መኪናው ትንሽ ፈጠን ሲል የተሳፋሪ ጥርስ እስኪጋጭ ይንቀጠቀጣል።

ጎረቤቱ ይህን ሲያይ ወደ ቶርኖ ቤት መጣ። ባዶ መኪና አይደለም ይዞ የመጣው። እንደ ሥራ ቀኑ ተሳፋሪዎቹን አስቀምጦ፣ ሜዳ ላይ አቁሞ፣ በዚያው እንዳለ አስለካ። በልኩ አዲስ ዘንግ ተሠራለት። ከዚያ ወዲያ በእሱ መኪና አሮጊቶች እንቅልፋቸውን እየተኙ ይሄዱ ጀመር፤ ሰውም በየደረሰበት አወራለት።

ያኛው፣ እህል ጫኙ፣ ቀና። ሌላ ቃል አልፈልግለትም፤ ቀና። ጎረቤቱ ሰላም ሲለው እጁን ያነሳል፣ ዓይኑ ግን ከመኪናው ሥር ነው። ሚስቱ «ሂድና ጠይቀው፣ ደግ ሰው ነው፣ ይነግርሃል» ብትለው «እኔ? እሱን ልለምን?» ብሎ አኮረፋት። የሚያሳዝነው፣ ጎረቤቱ ቢጠየቅ ደስ የሚለው ሰው ነበር።

በዚህ መሐል ሴት ልጁን ወንዝ ማዶ ዳረ። የመልሱ ቀን ሲደርስ ሙሽሮቹን ሄዶ በገዛ መኪናው ሊያመጣ ቆርጦ ነበር። አንድያ ልጁ ናት፤ በአባቷ መኪና ወደ አባቷ ቤት ስትገባ ሰፈሩ እንዲያይለት ይፈልጋል። ልጅቱ ግን እንዲህ ብላ ላከችበት፦ «አባዬ፣ በጎረቤታችን መኪና እንምጣ። የአንተ ያንቀጠቅጣል፣ ሚዜዎቹ ይስቁብኛል።»

ይህን የሰማ ዕለት እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ጎረቤቱ ለቅሶ ሄዶ መኪናው ደጅ ቆሞ ሲያገኘው ጋቢውን መሬት ላይ አነጠፈና ከመኪናው ሥር ገባ። የዘንጉን ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ በገመድ ለካ፤ ገመዱን ግራና ቀኙን ቋጠረ። እንደ ሌባ ጋቢውን አራግፎ ወጣና ገመዱን ወደ ቶርኖ ቤት ይዞ መጣ።

ያ ቶርኖ ቤት የእኔ ነበር።

«መኪናህስ?» አልኩት።

«መኪናው ምን ያደርግልሃል? ልኩ ይኸውልህ። ለመልስ ስለሚያስፈልገኝ ቶሎ በልልኝ።»

ገመዱን አየሁት። የማን ልክ እንደሆነ ገባኝ፤ ያንን ዘንግ በእጄ የሠራሁት እኔ ነኝና። «ይህ የአንተ አይደለም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሰውየው ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ክርክሩን ፈራሁና ቆረጥኩለት።

የመልሱ ዕለት ጠዋት ባዶ መኪናውን እየነዳ ወንዙን ተሻገረ። መኪናው ፀጥ ብሎ ሄደለት። ብቻውን እየዘፈነ ነው የደረሰው ይባላል። ሲመለስ ግን ሙሽራውና ሙሽራዋ፣ ሚዜዎቹ፣ ሁለት ሙክትና የጠጅ ገንቦ ተጫኑበት። እዚህ ላይ ልብ በይ፤ መኪና ሲጫን ባሌስትራው ይረግባል። ባሌስትራው ሲረግብ ዘንጉ የሚቀመጥበት ቦታ ያጥራል። ለዚህ ብለን ዘንጉ ላይ እንደ እጅጌ ገባ ወጣ የሚል ክፍል እናደርግለታለን። እጅጌው የሚገባበት ካጣ ግን ዘንጉ ካምቢዮውን ፊት ለፊት ይገፋል። የጎረቤቱ መኪና የሚጭነው ጥቂት ሰው ነውና ያ ርዝመት ልኩ ነበር። ለዚህኛው ሁለት ጣት ይበዛል።

ደረቁ ወንዝ ውስጥ የፊት ጎማ ወጥቶ የኋላው ጉድጓድ ሲገባ መኪናው በሙሉ ክብደቱ ቁጭ አለ። ካምቢዮው ተሰነጠቀ፤ ዘይቱ አሸዋው ላይ ፈሰሰ።

ከኋላ ጎረቤቱ ይመጣ ነበር፤ የሙሽራው ወገን የተረፈውን ሰው እንዲያመጣላቸው ለምነውት ነው። ወርዶ ከመኪናው ሥር ገባ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ አልተቆጣም፣ አልሳቀም።

«ይኼ የእኔ ልክ ነው» አለ።

አባትየው የፈሰሰውን ዘይት በእግሩ አሸዋ ያለብሰው ጀመር።

«ወንድሜ፣ ብትጠይቀኝ ምናለ? ከነጭነትህ ሄደህ ተለካ እልህ ነበር።»

ሰው እያየ ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ጎረቤቱ መኪና ተሻገረች። እያለቀሰች ነበር፤ ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ይጠብቃል። አባትየው መኪናውን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም፤ ወይም ከዚያ መኪና ውስጥ መቀመጥ አልቻለም፣ ይህን እሱ ያውቃል። ወንዙ ውስጥ ቀረ። የቀረውን ሰውና ጭነቱን ጎረቤቱ ተመላልሶ አደረሰ። እቤት ሙክቱ ታረደ፣ ጠጁ ተቀዳ፤ የምርቃቱ ሰዓት ሲደርስ አባት የለም። ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን አዩና «አንተ መርቅ» ብለው ጎረቤቱን አስነሱት። በዚያ ሰው ድንኳን ውስጥ የዚያን ሰው ልጅ የመረቀው ሲቀናበት የኖረው ጎረቤቱ ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። እኔ ደግሞ ወርቁ ምንም አልበደለም እላለሁ። ዘንጉም ጥሩ ዘንግ ነበር፤ እኔው ነኝ የሠራሁት።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ልጄ። የእህትሽ ባል ጥሩ ሰው ነው። ይስቃል፣ ሚስቱን ሽርሽር ይወስዳል፣ ማታ በጊዜ ይገባል። ግን የእህትሽ ቤት የጫነው ሁለት ሰው ነው። ያንቺ ቤት ሦስት ልጆችና ከአልጋ የማይነሱ አማት ጭኗል፤ ባልሽም እናቱን አገላብጦ ነው ወደ ሥራ የሚሄደው። ይህን ሁሉ አውርደሽ፣ ባዶ ሰው አድርገሽ በእህትሽ ባል ልክ ትለኪዋለሽ፤ ከዚያ ለምን አይስቅም ትያለሽ። መመኘትሽ አይደለም ጥፋቱ። ከእሱ ጋር ተቀምጠሽ «ምን ከበደህ? እኔንም እኮ ከብዶኛል» ሳትይው፣ የሰው ቤት ሥር ገብተሽ በገመድ መለካትሽ ነው። ለኪው፤ ግን ከነሸክሙ፣ አጠገቡ ቆመሽ።

ወደ እኔ የመጣሽው ለጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። «አጎቴ ገሥጽልኝ፣ እንደ እህቴ ባል አድርግልኝ» ልትይ ነው። እኔ እውነቱን እያወቅኩ ዝም ብዬ በሰው ልክ አንድ ጊዜ ቆርጫለሁ፤ አንድ አባትም በዚያ ምክንያት ልጁን ሳይመርቅ ቀርቷል። ሁለተኛ አልቆርጥም። ገመድሽን ይዘሽ ሂጂ።