ቦራ ጊደር ውሃ የጠጣችበት አዋጅ

ሪፖርት ሪፖርት! በሉ እንጂ፣ «ያለ ወረቀት!» በሉኝ። አዎ፣ እንደሱ። ባለፈው ዓመት ሃያ ሁለት ገጽ ባነብላችሁ ግማሻችሁን እንቅልፍ ወሰደው፣ ግማሻችሁ ከብት ላስገባ ብሎ ሄደ። ስለዚህ ዘንድሮ እኔ ባንቺአምላክ፣ ወደ ክልሉ ምክር ቤት የላካችሁኝ ተወካያችሁ፣ ምን ሕግ እንዳወጣን በአፌ እነግራችኋለሁ። ኩራት ከበዛብኝ ታገሡኝ፤ ዛሬ የምኮራበት ነገር አለኝ።

ነገሩ የተነሣው ከአንዲት ጊደር ነው። የእትዬ ዘርትሁን ቦራ ጊደር ውሃ ጠማት። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ እናቷና አያቷ ሲጠጡት ከኖሩት ከሾላ ምንጭ ወርዳ መጠጣት ብቻ ነው የፈለገችው። እትዬ ዘርትሁን ባል የላቸው፣ በሬ የላቸው፤ ያለቻቸው ይህችው የመጀመሪያ ጥጃዋን ያረገዘች ጊደር ናት። ይዘዋት ቢወርዱ የከብቱ መንገድ በአዲሱ የአቮካዶ እርሻ ታጥሯል፤ አጥሩ ላይ የብረት በር ቆሟል፤ በሩም ተቆልፏል። ሌላው ውሃ ገደል ወርደው የሚደርሱበት ወንዝ ነው። ያረገዘች ጊደር ደግሞ ያን ገደል ከወረደች አትመለስም።

በሩ ጊደሯን አያሳልፍ፣ ጊደሯም ውሃ አትጠጣ!

እሁድ ጠዋት ቤቴ መጡ። «ባንቺአምላክ ልጄ፣ ጊደሬን ውሃ አስጠጪልኝ» አሉኝ። «ለዚህ ነው እንዴ የደከሙት? ነገ ትጠጣለች!» አልኳቸው። ጉራዬን እዩልኝ። ወዲያው ከተማ ደወልኩና ለቋሚ ኮሚቴያችን ጸሐፊ «የመራጭ ጉዳይ ይዣለሁ፤ ሳትጠብቁኝ ሥሩ» ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እርሻው ዘበኛ ወደ ጋሽ ድልነሳው ነው። እዚያ ጥግ ተቀምጧል፣ አትሳቁበት። «ጋሼ፣ በሩን ክፈትላት» አልኩት። «እህቴ፣ እኔም አሳዝናኛለች። ትናንት ከኮዳዬ በባርኔጣዬ ቀድቼ አጠጥቻታለሁ። ግን ያለ ደብዳቤ ቁልፍ ካወጣሁ ከሥራ እባረራለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ምን እለዋለሁ?

ዘበኛው በሩን አይከፍት፣ በሩ ጊደሯን አያሳልፍ፣ ጊደሯም ውሃ አትጠጣ!

ወደ ቀበሌ ሮጥኩ። ሥራ አስኪያጃችንን አንሙትን ታውቁታላችሁ፤ ማህተሙን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቃት። «ለዘበኛው ደብዳቤ ጻፍለት» አልኩት። «ለእርስዎ ብዬ አሥር እጽፍ ነበር፤ ወረቀቱም ማህተሙም ይኸው» አለኝ። «ግን እርሻው መሬቱን የተረከበው ከወረዳ ነው። ወረዳ ሳያዘኝ ብጽፍ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።» ይህን ብሎ ማህተሟን መልሶ ኪሱ ከተታት።

ቀበሌው ደብዳቤ አይጽፍ፣ ዘበኛው በሩን አይከፍት፣ በሩ ጊደሯን አያሳልፍ፣ ጊደሯም ውሃ አትጠጣ!

ወደ ወረዳ ሮጥኩ። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሽባባው ሰኞ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ማክሰኞም ስብሰባ ላይ ናቸው። ረቡዕ በር ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው። ረጋ ብለው ሰሙኝና «ወይዘሮ ባንቺአምላክ፣ የከብት መንገድ በልማድ እንጂ በሕግ የለም። ልማድ ደግሞ ፋይል የለውም» አሉኝ። «አዋጅ አምጪልኝ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አዛለሁ።» እንዲህ ስዞር ሁለተኛው ሳምንት ገባ፣ ሦስተኛውም ተከተለ። አንዴ ወረዳ፣ አንዴ ቀበሌ፣ አንዴ አጥሩ ሥር። እናንተው በወረፋ አንድ አንድ ጄሪካን ከወንዙ እየተሸከማችሁ የጊደሯን ምላስ ባታረጥቡላት ኖሮ ዛሬ ይህ ወሬ አይኖርም ነበር። እግዜር ይስጣችሁ።

ወረዳው ያለ አዋጅ አያዝ፣ ቀበሌው ደብዳቤ አይጽፍ፣ ዘበኛው በሩን አይከፍት፣ በሩ ጊደሯን አያሳልፍ፣ ጊደሯም ውሃ አትጠጣ!

አንድ ቀን እትዬ ዘርትሁን ጊደሯን ይዘው አጥሩ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ከዚያ ሆኖ ምንጩ ሲወርድ ይሰማል። ጊደሯ ጆሮዋን ቀስራ ትሰማለች፤ ጎኗ ላይ አጥንቷ ይቆጠራል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። እትዬ ዘርትሁን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻል ነበር። ዞር ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ማክሰኞ ከተማ የሚሄደውን የመጀመሪያ አውቶቡስ ያዝኩ። አዋጅ ነው የተባልኩት፣ አዋጅ ደግሞ የሚወጣው እኛው ምክር ቤት ነው! መዝገብ ቤት ገብቼ «ስለ ከብት የውሃ መንገድ አዋጅ አላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ መሳቢያ ሳብ አደረገችና አንድ ረቂቅ አሳየችኝ። አለ! ተጽፏል፣ በአንቀጽ በአንቀጽ ተደርድሯል! ልቀበላት እጄን ስዘረጋ መሳቢያውን ዘጋችው። «ቋሚ ኮሚቴው ሳያየው ወደ ጉባዔ አይወጣም። ሦስት ሳምንት ሆነው እኮ እዚህ ከተኛ።»

ረቂቁ ከመሳቢያ አይወጣ፣ ወረዳው ያለ አዋጅ አያዝ፣ ቀበሌው ደብዳቤ አይጽፍ፣ ዘበኛው በሩን አይከፍት፣ በሩ ጊደሯን አያሳልፍ፣ ጊደሯም ውሃ አትጠጣ!

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ አቶ ምንይችል ወጣሁ። ሁለት የኮሚቴው አባላት አጠገባቸው ተቀምጠው በጣታቸው ጠረጴዛ ይመታሉ። «አቶ ምንይችል፣ ለምንድን ነው ኮሚቴው ረቂቁን የማያየው?» ብዬ ጮህኩ። «ምልዓተ ጉባዔ የለማ!» አሉ እሳቸውም ጮኸው። «ሰባት ነን፤ አራት ካልሆንን መወሰን አንችልም። ሁለቱ ሥልጠና ሄደዋል፣ አንዱ ታሟል። እኛ ሦስታችን ሦስት ጊዜ መጣን፣ ሦስት ጊዜ ተበተንን። አርብ ደግሞ ጉባዔው ይዘጋል። አርብ ካመለጠን እስከ ሐምሌ ነው።»

እስከ ሐምሌ! ጊደሯ ሐምሌን አታየውም።

አንድ ሰው ጎድሎ ኮሚቴው አይቀመጥ፣ ኮሚቴው ሳያይ ረቂቁ ከመሳቢያ አይወጣ፣ ወረዳው ያለ አዋጅ አያዝ፣ ቀበሌው ደብዳቤ አይጽፍ፣ ዘበኛው በሩን አይከፍት፣ በሩ ጊደሯን አያሳልፍ፣ ጊደሯም ውሃ አትጠጣ!

ደሜ ፈላ። «ይሄ አራተኛው ሰው ማነው?» አልኩ። «ሕዝብ መርጦት ወንበሩን ጥሎ የሚዞር! ስሙን ንገሩኝና አንገቱን ይዤ አመጣዋለሁ!» አቶ ምንይችል የስም መቆጣጠሪያውን ቀስ አድርገው ወደኔ ገፉት። በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ጊዜ፣ ለሦስት ማክሰኞ እንዲህ ተጽፏል፤ «ወይዘሮ ባንቺአምላክ፣ አልተገኙም። የመራጭ ጉዳይ።»

ሳቁ፣ ሳቁ! እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ልጇን አዝላ ልጄን አያችሁ ወይ እያለች ሠፈር የምትዞር እናት ሆኜ ነበር። ምን ላድርግ፣ እኛ አገር ተወካይ ማለት ከቢሮ ቢሮ እየሮጠ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ነው። እናንተም እንደዚያ ስታዩኝ ደስ ይላችኋል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ከመሮጥ ማንጋጠጥ ይሉኝ ነበር አባቴ፤ አልሰማኋቸውም።

ነጠላዬን ፈታሁ። ወንበሬን ሳብኩና ቁጭ አልኩ።

እኔ ስቀመጥ አራት ሞላን። አራት ስንሞላ ኮሚቴው ተቀመጠ። ኮሚቴው ሲቀመጥ ረቂቁ ከመሳቢያ ወጣ። አንቀጽ አራት ላይ ስንደርስ «የጥንት የውሃ መንገድ አይዘጋም» ብቻ ይላል፤ «የታጠረም ቢሆን ለከብት በቀን ሁለት ጊዜ ይከፈታል» የሚለውን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ይህችን በደንብ አስተውሉልኝ፤ የኔ ናት።

አርብ ጉባዔው ፊት ቀረበ። አንድ ክራቫት ያሰረ አባል ተነሥቶ «ክቡር አፈ ጉባዔ፣ ለጊደር አዋጅ እናውጣ እንዴ?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም እጄን አወጣሁና «ክቡር አፈ ጉባዔ፣ ጠያቂው ዛሬ ጠዋት ሻይ በወተት ጠጥቶ ነው የመጣው፤ ከየት የመጣ ወተት መሰለው?» አልኩ። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ምንም አልቀረውም። አንድ መቶ ሦስት እጅ ወጣ። ባለክራቫቱ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ።

አዋጁ ታተመ። አዋጁን ባሳያቸው አቶ ሽባባው እንዳሉት በአንድ ሰዓት አዘዙ፤ ይህን እመሰክርላቸዋለሁ። ወረዳው ሲያዝ ቀበሌው ጻፈ፤ አንሙት ማህተሟን ሁለት ጊዜ መታት። ቀበሌው ሲጽፍ ዘበኛው ከፈተ፤ ጋሽ ድልነሳው ደብዳቤውን ባርኔጣው ውስጥ ከተተና ቁልፉን አዞረ። ዘበኛው ሲከፍት በሩ አሳለፈ። በሩ ሲያሳልፍ ቦራ ጊደር እኛን ሁላችንን ገፍታ ወረደች፣ ምንጩ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች፣ ጠጣች፣ ጠጣች፣ ጠጣች!

እኔ ብዙ ጊዜ ተጨብጭቦልኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም። እትዬ ዘርትሁን አጠገቤ ቆመው ጊደሯን እያዩ «አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ «ያን ሁሉ ሰሞን ስትሮጪልኝ ሳይ አንጀቴን በልተሽው ነበር። ለካ እኛ የመረጥንሽ እንድትቀመጪልን ኖሯል!»

ሪፖርቴ ይኸው ነው። ያመነ ያጨብጭብ፤ ያላመነ ወደ ሾላ ምንጭ ወርዶ ጭቃው ላይ የጊደሯን ኮቴ ይይ። ዛሬ ማለዳ እኔም አይቼው መጣሁ፤ ከጎኑ አንድ ትንሽ የጥጃ ኮቴ አለ።