በፈጣኑ አውሮፕላን የዘገየው ወንድም

ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ሰው በሚያመላልስበት ዘመን አንድ ሰው ነበረ፤ ለንደን የሚኖር፣ የተማረ፣ ኩሩ ሰው። ኒው ዮርክ ካለው ታናሽ ወንድሙ ከእንግዳወርቅ ጋር፣ በአባታቸው ለቅሶ ላይ በወጣች ክፉ ቃል ተኳርፈዋል። ማን ተናገራት? ታናሹ። በእኛ ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣ የለ? «ይምጣ! ታናሽ እያለ ታላቅ ይሄዳል እንዴ?» ብሎ ተቀመጠ።

እንግዳወርቅ ታመመ። ሚስቱ ደወለች። «ጋሼ፣ እየከፋበት ነው፤ ቶሎ ይምጡ።»

ምን አለ መሰላችሁ? «ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን አለ አይደል? በፈለግኩ ቀን እደርሳለሁ።» ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ። በልቡ ግን አሁንም ድንጋዩን ይጠብቃል። አይ ሰው!

«ሐኪሞቹ ተስፋ ቆረጡ» ሲባል ግን ደንግጦ በዚያው ፈጣን አውሮፕላን ተሳፈረ።

ባሕሩ ላይ እየበረሩ አብራሪው ተናገረ። «ላይ ያለው አየር ከተነገረን በላይ ሞቋል። ነዳጁ ከታሰበው በላይ እየሄደ ስለሆነ፣ መንገድ ቀይረን ሌላ ከተማ አርፈን እንቀዳለን።»

ወገኖቼ፣ ያ አውሮፕላን ብርድ ይወዳል። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ከፍታው ላይ ለመድረስ ይዘገያል፣ ነዳጁን ይጨርሳል። እዚያ ላይ «ሞቀ» የሚባለው እኮ እኛን የሚያደርቅ ብርድ ነው! ግን ያቺው ትንሽ ሙቀት በቃች።

ሰውየው ጣቱን ነከሰ። «ምነው፣ ዛሬን እንኳ!» አለ። ማንን ይቆጣ? አየሩን? ያ ሁሉ ብርዳም ቀን ሲያልፍ የት ነበረ?

ሲደርስ የወንድሙ ሚስት በር ላይ ታለቅሳለች። «ምነው ጋሼ! አሁን እኮ ነው ያረፈው።»

ገባ። ትራስጌው ድንጋይ ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«‹ጋሼ ሲመጣ ትከሻዬ ላይ አድርጊልኝ፤ ካቃተኝም ደግፊልኝ› ብሎ ነው ያስመጣው።»

ሰውየው ድንጋዩን አንስቶ በገዛ ትከሻው ተሸከመው። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለ። ማን ይመልስለት?

እናንተስ? «ስልክ አለ፣ መኪና አለ፣ የትም አይሄድም» ትላላችሁ። የላዩ አየር በእጃችሁ ነው? ያኮረፋችሁት ሰው ስም አሁን ልባችሁ ላይ መጣ አይደል? እሱ ነው። ምሳ ሳትበሉ ሂዱ። ድንጋዩን ማን እንደሚሸከም እዚያው ስትደርሱ ትነጋገራላችሁ።