ሲሞቅ የሚያፏጨው ሞተር

አንድ በጆሯቸው የታወቁ መካኒክ በተራራ ግርጌ ባለች ትንሽ ከተማ ይኖሩ ነበር። ጋሽ አየነው ይባላሉ። ክንድ የሚያህል የብሎን መፍቻ ካቻቢቴ አላቸው፤ ጫፉን በሚሠራ ሞተር ላይ ያሳርፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው የሞተሩን ሆድ ያዳምጣሉ። እሳቸው አዳምጠው «ይሂድ» ሳይሉ ከጋራዡ የሚወጣ መኪና አልነበረም። ድሮ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ከጊዜ በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው ማዳመጥ ጀመሩ፤ ይህን ግን ማንም ልብ አላለውም።

አብራቸው የምትሠራ ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቃ ከመጣች ዓመታት ተቆጥረዋል። እጇ ቀልጣፋ ነው፤ አንደበቷ ግን ቁጥብ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ቀና ብላ የማታይ። ያሳደጋት ቤት «ዝም አይነቅዝም» እያለ ነው ያሳደጋት። የከተማው ሰው «የተማረች ብትሆንም ጨዋ ናት» ይላታል። ይህን ምስጋና በልቧ ትወደው ነበር።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያው አምቡላንስ የታይሚንግ ቺንጋው ሊቀየር ገባ። ይህ ቺንጋ የሞተሩን የላይና የታች ክፍል አስማምቶ የሚያዞር ጥርሳም ቀበቶ ነው፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም እዚያው ይሞታል። ሹፌሩ ባዩ ቁልፉን እያቀበላት እንደ ልማዱ ቀለደ።

«ኢንጂነር፣ ያቺን ዲፕሎማሽን ሞተሬ ውስጥ እንዳትረሺያት።»

«አንተ ባለፈው ወንበር ስር የረሳኸው ሽንኩርት ይብሳል» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሳቋን እየዋጠች። «ሳምንት ሙሉ ነው የሸተተን።»

አሮጌውን ቺንጋ አወጣች። ምልክቶቹን አስተካክላ አዲሱን አለበሰች። የቀረው ቺንጋውን የሚወጥረው ትንሽ ሮለር ነበር። በዚያ ጋራዥ ሮለር የሚፈተነው በጣት ነው፤ በጣት መታ ሲያደርጉት ረጅም ጊዜ ከዞረ ጤነኛ ነው ተብሎ ይመለሳል። ይታይሽ መታ አደረገችው። ዞረ፣ ዞረ፣ አልቆም አለ። እንደ ሕፃን መጫወቻ ቀላል ነበር፤ ከውስጡም ደረቅ ሹክሹክታ ይሰማል። ኮሌጅ የተማረችው ትዝ አላት። ጤነኛ ሮለር ግሪሱ ስለሚይዘው እየከበደው ይዞርና ቶሎ ይቆማል። እንዲህ እንደ ልቡ የሚዞር ግሪሱ የደረቀ ነው።

«ጋሽ አየነው፣ ይሄ ሮለር...»

«ይዞራል አይደል?»

«ይዞራል። ግን...»

«የሚዞረውን ምን ሆነ ብለን እንጥለዋለን ልጄ?»

ጋሽ አየነው ይህን ማለት የጀመሩት እሷ ሳትወለድ ነው። «እሺ» ብላ ሮለሩን ወደ ቦታው መለሰችው።

ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ያማረ ነበር። ጋሽ አየነው ካቻቢቴያቸውን ደገኑ። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ግን ከታች ቀጭን ፉጨት ወጣ። ይታይሽ ድምፁን ለየችው። ቺንጋ ሲላላ ሽፋኑን ይገርፋል፣ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ያላዝናል። ይህኛው ከአንድ ቦታ የሚመጣ፣ ከሙቀቱ ጋር እየቀጠነ የሚወጣ ነው። ሮለሩ ነው። ቀና ስትል ጋሽ አየነው ትኩር ብለው ያዩዋታል። ሐሳቧን ያነበቡባት መሰላትና አፈረች፤ ፊቷን ወደ መፍቻዎቹ ሣጥን አዞረች።

«ይሂድ» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ባዩ ተመልሶ መጣ። «ጋሽ፣ ይቺ መኪና ጠባይዋ ተበላሽቷል። ጠዋት ጭምት ናት፤ ዳገቱን ስናጋምስ ጎረምሳ የተሳፈረ ይመስል ታፏጫለች።»

ጋሽ አየነው ሞተሩን አስነሥተው ዳግመኛ ደገኑ። ይታይሽ በጨርቅ እጇን እየጠራረገች መሬት መሬቱን ታያለች። ፉጨቱ አሁን ጥርስ ያነቃንቃል።

«አዲስ ቺንጋ ነው፣ እስኪላመድ ነው» አሉ።

ባዩ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ ኢንጂነር? ምን ትያለሽ?»

የጋራዡ ሰው ሁሉ አያት። እውነቱን ብትናገር እኒያን አዛውንት በሠራተኞቻቸው ፊት ማዋረድ ይሆንባታል። ዝም ብትል ደግሞ... ያንን እስከ መጨረሻው አላሰበችውም።

«ጋሽ አየነው ካሉ እንግዲህ...» አለች።

ባዩ ኮፈኑን ቸብ ቸብ አድርጎ ሄደ።

በሳምንቱ፣ ከተራራው ወዲያ ካለ መንደር ምጥ የጠናባት ሴት ተሳፍራ ስትመጣ፣ ሮለሩ ነክሶ መዞሩን አቆመ። ቺንጋው ተበጠሰ። ሞተሩ ስልክ በማይሠራበት ጥምዝ ላይ ሞተ። ባዩና የሴትየዋ ወንድሞች በቃሬዛ ተሸክመዋት ቁልቁል ወረዱ። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ እሷም በሆዷ ያለውም በሕይወት አልነበሩም። ባዩ ከዚያ ቀን በኋላ ሲቀልድ የሰማው የለም።

የከተማው ሽማግሌዎች ጋራዡ ድረስ መጡ። «ይሂድ ያለው ማነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ አየነው።

ይታይሽን የጠየቃት አልነበረም። እሷም አልተናገረችም። አዛውንቱ ካቻቢቴውን ምስማሩ ላይ ሰቅለው ወጡ፤ ተመልሰውም አልመጡ።

ሦስት ወር ሙሉ ደጃፋቸው ድረስ እየሄደች ስትመለስ ቆየች። አንድ እሑድ ገባች። ጋሽ አየነው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ልጆቻቸው ያወራሉ። ልትናገር ስትል እሳቸው ቀደሟት።

«ልጄ፣ ጆሮዬ ለቀጭንና ለዝቅተኛ ድምፅ ከተዘጋ አራት ዓመት አለፈው» አሉ። «ለማን ይነገራል? እንጀራዬ ጆሮዬ ነው። ካቻቢቴውን ደግኜ የማየው ያንቺን ፊት ነበር። የማይሆን ድምፅ ስትሰሚ ቅንድብሽ ይሰበሰባል፤ እኔም ያንን አይቼ ‹ይፈታ› እላለሁ። አራት ዓመት በአንቺ ጆሮ ኖርሁ። ያን ቀን ፊትሽን አዞርሽ። በሁለተኛውም ጊዜ አቀረቀርሽ። ምንም ባትሰማ ነው አልሁ።» ፊቷን ቀና ብለው አዩ። «አልሰማሽም ነበር፣ አይደል?»

«ሰምቼ ነበር» አለች።

«ምን አልሽ?»

ድምፅዋ እንደ ወትሮው ከከንፈሯ አላለፈም ነበር። እንዲሰሟት መጮኽ አለባት። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ወሬ ደግሞ ድንገት ጸጥ ብሏል። ይታይሽ አፏን ከፈተች፤ ከዚያም ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

«እኔም እንዲያ ነው ያልሁት» አሉ አዛውንቱ፣ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው። «እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። አንቺስ ሰላም እደሪ።»

የሚቀጥለውን ክረምት ሳያዩ አረፉ።

ዛሬ ጋራዡን የምትመራው ይታይሽ ናት። ቺንጋ በቀየረች ቁጥር ሮለሩንም ትቀይራለች፤ ይህ ግን ከተራራው ላይ የወረደችውን ሴት አያስነሣም። ካቻቢቴው አሁን የእሷ ነው። ስትደግነው፣ ልጆች ያሳደጉ የበሰሉ መካኒኮች ዙሪያዋን ይቆማሉ።

«ምን ሰማችሁ?» ትላቸዋለች።

እርስ በርስ ይተያዩና «እርስዎ ካሉ እንግዲህ...» ይላሉ።

ይህን ቃል ታውቀዋለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ቀኝ ጆሮዋ እየደከመ መጥቷል። ፊታቸውን ለማየት ቀና ስትል በአክብሮት አቀርቅረው ታገኛቸዋለች። የዚያን እሑድ ነገርም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም።

በዚያ ጋራዥ ውስጥ እውነቱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር። አንዷ የሰማችውን ያዘች፣ አንዱ አለመስማታቸውን ያዙ። እሷ ዝምታዋን አክብሮት ብላ ጠራችው፤ እሳቸው የእንጀራ ጉዳይ አሉት። በሁለቱ ዝምታ መካከል ያለፈችው ሴት ማንም እንዲያከብራት አልጠየቀችም፤ የፈለገችው ከዳገቱ የሚያወርዳት መኪና ብቻ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይነቅዛል እንጂ። እንደዚያ ሞተር ነው፤ በቀዝቃዛው ጨዋነት ይመስላል፣ ጉዱ የሚሰማው መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። የዘገየ ኑዛዜም ሰሚው ካለፈ ማንንም አያድንም።

እርስዎስ፣ «እሳቸው ካሉ እንግዲህ» ብለው ያሳለፉት ድምፅ የትኛው ነው? ሊሰማዎት የሚችለው ሰው ዛሬም በሕይወት አለ?