እሜት ቆቅና የሾላ ሜዳ ስልክ

ተረት ተረት ስል የመሠረት ያላችሁኝ ሁሉ፣ እስቲ ጠጋ በሉ። እንስሳት አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ አፉ አልበቃ ብሏቸው ስልክ በጨመሩበት ጊዜ የሆነ ነው።

በሾላ ሜዳ አንዲት ቆቅ ነበረች፤ እሜት ቆቅ ይሏታል። በዚያ አገር አንድ ደንብ ነበር፦ ጠላት ያየ ይጮኻል፣ የሰማ ያቀባብላል፣ የቀረበ ይደርሳል። የእሜት ቆቅ ጉሮሮ ደግሞ የታወቀ ነው። እሷ ስትጮኽ ከወንዙ ማዶ ያለው ከርከሮ ሳይቀር ከጭቃው ይነሣል።

አንድ ቀን ኮረብታው አናት ላይ የብረት ማማ ተተከለ። ጦጢት ከሰው አገር ስልክ በጆንያ ተሸክማ መጣች። መጀመሪያ ባለ ቁልፉን አደለች፤ ዓመት ሳይሞላ ባለ መስታወቱን። ከዚያ ጉባኤ ጠርታ፣

«ወገኖቼ፣ ሠልጥነናል! ከእንግዲህ መጮኽ የኋላ ቀር ነው። ‹የሾላ ሜዳ ቤተሰብ› የሚል ግሩፕ ከፍቻለሁ። የቸገረው እዚያ ይጻፍ» አለች።

«ግሩፑ ውስጥ ማን ማን አለ?» አለች እሜት ቆቅ።

«ሁሉም!» አለች ጦጢት በኩራት።

እሜት ቆቅም ለመደችው። ጧት ተነሥታ ጥሬ ከመልቀሟ በፊት ወሬ ትለቅማለች። ስድስት ጫጩት በፈለፈለች ቀን ደስታዋን መቻል አቅቷት ፎቷቸውን ለቀቀች። ልቡ፣ አበባው፣ ጭብጨባው ዘነበ። ከሁሉ ቀድሞ የጻፈው ግን ሸለምጥማጥ ነበር።

«እሰይ እሜትዬ! እንዴት ያምራሉ! የትኛው ቁጥቋጦ ሥር ናችሁ? መጥቼ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልበል እንጂ!»

እሜት ቆቅ ቅር አላት። ግን አገር ሁሉ እያየ ለአንዱ ብቻ ዝም ማለት ነውር መሰላት። «ከአጋሙ ሥር» ብላ መለሰች።

በማግስቱ ቀትር ላይ የአጋሙ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ቀና ስትል ዥጉርጉር ጅራት አየች። ልጆቿን ክንፏ ሥር ሰብስባ ስልኩን በምንቃሯ ነካች።

ከርከሮ ዘንድ ደወለች። ከርከሮ ሌላ መስመር ላይ ነው።

ዝንጀሮ ዘንድ ደወለች።

«ሃሎ፣ አያ ዝንጀሮ! ሸለምጥማጥ መጣብኝ!»

«ሃሎ? ማን መጣ? ይቆራረጣል! እስቲ ከፍ ያለ ቦታ ወጣ በዪና ደውዪ!»

ጦጢት ዘንድ ደወለች። ከስልኩ ውስጥ አንዲት እናት አባቷ የማይታወቅ ሴት በጨዋ ድምፅ፣ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይቻልም» አለቻት።

ሸለምጥማጥ ዘሎ አንዷን ጫጩት አፈፍ አደረገ፤ ሌላም ሊደግም ዙሪያዋን ይዞር ጀመር።

እሜት ቆቅ ግሩፑ ላይ «ድረሱልኝ!» ብላ ጻፈች። መልሱ ጎረፈ። «አይዞሽ!» አለች ሰስ። «ከጎንሽ ነን!» አለች ሚዳቋ። ጥንቸል የሚያለቅስ ፊት ላከች። ዝንጀሮ፣ አሁን ኔትወርኩ መጥቶለት፣ «የሚመለከተው አካል ይስማ» ብሎ ወደ ሌላ ግሩፕ አስተላለፈው።

«አንተ ስልክ፣ አንድ የሚመጣ የለም ወይ?» አለች እሜት ቆቅ።

«አርባ ሦስት አይተውታል» አለ ስልኩ። «የተነሣ ግን አላየሁም። እኔም ቻርጄ አልቋል፤ ደኅና ሁኚ።» ድርግም አለ።

ያኔ እሜት ቆቅ አፏን ከፈተች። ጉሮሮዋ ሳይሠራ ከርሞ ነበርና መጀመሪያ የወጣው እንደ ሳል ያለ ነገር ነው። ደግማ ሞከረች፤ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ሙከራ ላይ፣ ልጇ ሸለምጥማጥ አፍ ውስጥ ሆና ሲር ስትል ሰማች። ጮኸች። ሾላ ሜዳ ደነገጠ።

ከአጋሙ ጀርባ የጃርት ጉድጓድ ነበር። ጃርትም ስልክ ታድሎ ነበር፤ ግን በተቆጣ ቁጥር እሾሁ መስታወቱን ሲሰነጥቅበት «ይሄስ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ተወው። አገር ስቆበታል። አሁን አንዲት ፊደል ሳይጽፍ፣ እሾሁን አቁሞ እያንሿሿ ደረሰና ሸለምጥማጥን ከኋላ ወጋው። ሸለምጥማጥ እያነከሰ ሸሸ። በአፉ የያዛትን ግን አልለቀቀም።

አምስት ቀሩ።

ጃርት አጠገቧ ተቀመጠ። አልቅሳ እስኪወጣላት ድረስ አልተነሣም።

ከዚያ አገሬው ሁሉ መጣ፤ የረገፈውን ላባ ፎቶ ሊያነሣ።

«ምነው ለእኔ ብትደውዪልኝ!» አለ ከርከሮ።

«ደውዬልህ ነበር።»

ስልኩን አየና፣ «ኧረ እውነትም! ያመለጠ ጥሪ አለ!» አለ።

ጦጢት ድንጋይ ላይ ወጥታ፣ «ችግሩን የሚከታተል ሁለተኛ ግሩፕ ከፍተናል» ስትል ተጨበጨበ። አዲሱ ግሩፕ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የገባው ሸለምጥማጥ ነው። «ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው፤ ለመሆኑ የተረፉት ደኅና ናቸው?» ብሎ ጻፈ።

እሜት ቆቅ ግን አላነበበችውም። ስልኩን ድንጋዩ ላይ ትታ፣ አምስት ልጆቿን አስከትላ ከጃርት ደጃፍ ሄዳ ሠፈረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቿን ጧት ጧት የምታስተምራቸው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ መጮኽ።

ተረቴ አለቀ፤ ለአፌ ማበሻ ዳቦው ቢጠፋ ቆሎም ይሆነኛል። የሰማ ግን ይህን ይያዝ፦ ከመቶ «አይዞሽ» አንድ «መጣሁ» ይበልጣል።